የመደርደሪያው ሙቀት

ልጄ ሀምዳ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሁለት ደብዳቤ ይዛ ከሰመራ መጣች። እኔ ደብዳቤ አልወድም። ሠላሳ አንድ ዓመት አዋሽ ላይ መድኃኒት ቤት ከፍቼ ስኖር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ውስጥ «ደስ ይበልህ» የሚል አንድም አላስታውስም፤ ሁሉም «እንዲያሟሉ እናሳስባለን» ነው የሚሉት። እሷ ግን ቦርሳዋን ሳታወርድ ሁለቱንም ባንኮኒው ላይ ዘረጋቻቸው።

«አባዬ፣ እስከ ሐሙስ ለሁለቱም መልስ መስጠት አለብኝ። ምከረኝ» አለች። ከዚያ ወደ ኤሲው ቀና ብላ፣ «መብራት የለም እንዴ?» ስትል ጠየቀች።

«አሁን ሄደ» አልኳት።

ባለቤቴ ኸሊዳ ከጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። «እሱን ነው ምከረኝ የምትዪው?» ብላ ሳቀች። «እሱ እንደሆነ አንድ ምክር ነው ያለው፤ ጡት ሳትጥዪ ጀምሮ የሚመክርሽ።»

እውነቷን ነው። ምክሬ አንድ ነው፤ ዶክትሬት። ይህን የምለው ለማዕረጉ ጓጉቼ አይደለም። ትንሽ ጓጉቻለሁ፣ አልዋሽም፤ ዋናው ግን ሌላ ነው። ከዓመታት በፊት ጭፍራ ላይ ለመድኃኒት ቤት ባለቤቶች ሥልጠና ተሰጥቶ ነበር። እጄን አወጣሁና፣ «እዚህ አገር መድኃኒቱ የተጻፈበት ቀን ሳይደርስ በሙቀት ይደክማል» አልኩ። አሠልጣኙ ልጄ የሚሆን ወጣት ነው። «ጥናት አለዎት?» አለኝ። ጥናት ከየት ይምጣ? ያለኝ ዓይን ነው። «እንግዲህ ይህ በዶክተሮች ደረጃ የሚታይ ነው» ብሎ ማይኩን ለሌላ ሰው አቀበለው። ሁለት ቀን ሙሉ ደሜ እየፈላ ተመለስኩ። ያኔ ሀምዳ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ይችን ልጅ ማንም ማይክ የማይነጥቃት ሰው አደርጋታለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ።

በዚያው ዓመት አንዲት አፋር እናት ከአሚባራ በኩል ልጇን አቅፋ መጣችና፣ ከሳምንት በፊት የሸጥኩላትን የልጆች ሽሮፕ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። ልጁ ዛሬም ያተኩሰዋል። ጠርሙሱን አገላብጬ አየሁት፤ ቀኑ ገና ዓመት ከመንፈቅ ይቀረዋል። ሌላ ዓይነት ሰጥቼ ሸኘኋት። ሀምዳ ከጎኔ ቆማ ስታይ ነበርና፣ «አባዬ፣ መድኃኒት ይሞታል እንዴ?» አለችኝ። «ይደክማል» አልኳት። «በስንት ቀን?» አለችኝ። አላውቅም ነበር። ያችን ጥያቄ ይዛ ነው ፋርማሲ የተማረችው፤ ሁለተኛ ዲግሪዋንም በዚያው ላይ ሠራች፤ አሁን ሰመራ ላይ ታስተምራለች።

ምሳ ቀረበ፤ ሩዝ በፍየል ሥጋ። ሀምዳ ከሁለቱ ደብዳቤዎች አንዱን አነሣች።

«ይሄ የፋብሪካ ነው። አዲስ አበባ ዳር፣ የመድኃኒት ምርምር ክፍል። ሁለተኛ ዲግሪሽ ይበቃል ብለውኛል። አብሮኝ የተማረው ትግሉ እዚያ ነው የሚሠራው፤ ደውዬ ጠየቅኩት።»

«ምን አለሽ?»

«ዘጠኝ ነን አለኝ። ዶክትሬት ያለው አንዱ ብቻ ነው፤ የክፍሉ ኃላፊ። መድኃኒቱን የሚቀምሙት፣ የሚፈትኑት፣ ሲበላሽ እንደገና የሚጀምሩት ስምንቱ ናቸው።»

«ምን እንደሚቀመም የሚወስነውስ?»

ሩዙን በማንኪያ ወዲያና ወዲህ ካደረገችው በኋላ «አንዱ» አለች።

«በቃ!» ብዬ ጉልበቴን መታሁ። «ስምንቱ ያማስላሉ፣ አንዱ ያዛል። ለማማሰል ነው ያስተማርኩሽ?»

«ማማሰሉን እወደዋለሁ እኮ፣ አባዬ።»

«እሱን ከእናትሽ ጋር ጓዳ ገብተሽ ማማሰል ትችያለሽ።»

ኸሊዳ በማማሰያው አስፈራራችኝና ሁላችንም ሳቅን። ሀምዳ ግን ቶሎ አቆመች። «የምሬን ነው የምጠይቅህ» አለች። «ለምርምር ሥራ ዶክትሬት ግድ ነው ወይ? አንዳንዱ ግድ ነው ይላል፣ አንዳንዱ ዕድሜሽን አትፍጂ ይላል። ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። ሁለተኛው ደብዳቤ የዶክትሬት ነው። አዲስ አበባ ያሉት ፕሮፌሰር ቦታ ሰጥተውኛል። አራት ዓመት፤ ሁለቱን ውጭ አገር ላቦራቶሪ ውስጥ።»

አልሐምዱሊላህ አልኩ። ሁለት ጊዜ አልኩ። ደስታዬን ላስረዝመው ብዬ እንጂ ይገባኛል ብዬ አይደለም፣ «ለመሆኑ በምን ላይ ነው የምትሠሪው?» አልኳት።

«በአንተ ሱቅ ላይ» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለሁለተኛ ዲግሪዋ ስትሠራ በውሃ የሚበጠበጥ የልጆች አንቲባዮቲክ በአራት መድኃኒት ቤቶች አስቀምጣ ነበር፤ ሰመራ፣ ሎጊያ፣ ጭፍራና እኛ ዘንድ። ዓመቱን ሙሉ የየሱቁ ሙቀት ተመዘገበ፤ ከዚያ ጠርሙሶቹን ሰብስባ የመድኃኒቱን ጉልበት ለካች።

«ሦስቱ ሱቆች ሠላሳ ስምንት፣ አርባ ዲግሪ ናቸው» አለች። «መድኃኒቱም ወድቋል፤ የሚጠበቅ ነው። ያንተ ግን ኤሲ አለው፤ ዓመቱን ሙሉ ከሃያ አምስት አልበለጠም። ሆኖም የመድኃኒቱ ጉልበት ከሦስቱ እኩል ወድቋል! ፕሮፌሰሩ በሃያ አምስት ዲግሪ ይህ ሊሆን አይችልም ነው የሚሉት። ማንም ያላወቀው ሌላ ምክንያት አለ። አየሩ ይሁን፣ አቧራው ይሁን፣ ጠርሙሱ ይሁን አይታወቅም። ያንን ምክንያት ነው አራት ዓመት የምፈልገው።»

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። ያ ማንም ያላወቀው ምክንያት እኔ ነበርኩ።

በእያንዳንዱ መድኃኒት ቤት ግድግዳ ላይ ቴርሞሜትር ይሰቀላል፤ ከሥሩ ደግሞ ቅጽ አለ። ጠዋትና ከሰዓት ዲግሪው ይሞላል። እኛን የሚቆጣጠሩን ሰዎች ከሃያ አምስት እንዲበልጥ አይፈልጉም። ግንቦት ላይ ከቀኑ ስምንት ሰዓት አዋሽ ውስጥ ሃያ አምስት ዲግሪ የት አለ ብትሉኝ፣ ፍሪጅ ውስጥ ነው የምላችሁ። ስለዚህ ሁላችንም ሃያ አምስት እንጽፋለን። ሃያ አራት፣ ሃያ አምስት፣ ሃያ አራት ተኩል፤ ተኩሏ እውነት እንድትመስል ነው። ተቆጣጣሪው ይመጣል፣ ግንባሩን በመሐረብ እየጠረገ ያነባል፣ ይፈርማል። ላቡ ቅጹ ላይ ሲንጠባጠብ በዓይኔ አይቻለሁ። ውሸት መሆኑን ሁላችንም ስለምናውቀው እንደ ውሸት አንቆጥረውም፤ ሥራ ነው የሚመስለን።

ኤሲውን ደግሞ የገዛችልኝ ሀምዳ ናት፤ ሁለተኛ ዲግሪዋን ሳትጀምር፣ በመጀመሪያ ደሞዞቿ። ሁለት ሳምንት ሠራ። ከዚያ ሙቀቱ ሲበረታ ሁሉም ሆቴል የራሱን ስለሚያበራ መብራቱ ይደክማል፤ የእኔ ኤሲ ጠቅ ብሎ ይጠፋል። የሚነሣው ከመሸ ነው፤ ያኔ ሱቁ ተዘግቷል። ስትደውልልኝ፣ «ኤሲው እንዴት ነው?» ትለኛለች። «ኧረ በርዶኝ ሹራብ ልለብስ ነው» እላታለሁ። ምን ልበላት? የልጅ የመጀመሪያ ደሞዝ ነው። ለበዓል ስትመጣ የምትደርሰው አመሻሽ ላይ ነው፤ አበራላታለሁ፤ ደስ ብሏት ሥሩ ትቀመጣለች። ቀን ላይ ከመጣች ደግሞ፣ «መብራቱ አሁን ሄደ» እላታለሁ።

ለጥናቱ ስትመጣ ሙቀቱን ራሳቸው የሚመዘግቡ ትንንሽ መሣሪያዎች ይዛ ነበር። ውድ ነገር ነው፤ የነበራት ሦስት ብቻ። ለሦስቱ ሱቆች አከፋፈለቻቸውና ለእኛ ቴርሞሜትርና ደብተር ተወችልኝ። ሰመራ ያሉት አማካሪዋ ዶክተር ራኬብ፣ «አራተኛም ይፈለግ» ሲሏት፣ «እዚያ አባቴ አለ» ብላ መለሰች። ይህን ራሷ ናት የነገረችኝ፤ ኩራቷ ከፊቷ ይነበብ ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት እውነቱን ጻፍኩ። ሠላሳ ስምንት፣ አርባ፣ ሠላሳ ዘጠኝ። በአራተኛው ቀን እጄን ያዝ አደረገኝ። ይህን ደብተር አዲስ አበባ ያሉ ፕሮፌሰሮች ያነቡታል። የሀምዳ አባት መድኃኒት አርባ ዲግሪ ላይ ያስቀምጣል ሊሉ ነው። የኤሲውም ነገር ይወጣል። ገጹን ቀድጄ ጣልኩና እንደለመድኩት ቀጠልኩ፤ ሃያ አምስት፣ ሃያ አራት፣ ሃያ አራት ተኩል። ዓመቱን ሙሉ፣ አንድ ቀን ሳላዛንፍ፣ በቆንጆ ጽሕፈት። ጭፍራ ላይ ጥናት አለህ ወይ ስላሉኝ ደሜ የፈላው ሰውዬ፣ ጥናቱ ቤቴ ድረስ ሲመጣ ያበላሸሁት ራሴ ነኝ።

«አባዬ፣ ደስ አላለህም?» አለችኝ ሀምዳ።

«ደስ ብሎኛል» አልኳት። ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ድረስ ሸኘኋት። ወንበሯን ከያዘች በኋላ መስኮቱን ከፈተችና፣ «አባዬ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ፈርቻለሁ» አለች። «አራት ዓመት ብዙ ነው። ፋብሪካው ይሻለኝ ይሆን እላለሁ። ግን አንተ ሂጂ ካልክ እሄዳለሁ። አንተ ስለመድኃኒት ተሳስተህ አታውቅም።» መኪናው ተነሣ። እኔ እጄን እንኳ ሳላውለበልብ ቀረሁ።

ቤት ስደርስ ኸሊዳ ወገቧን ይዛ ጠበቀችኝ። ሠላሳ ዓመት አብራኝ ኖራለች፤ ደብተሩን ስሞላም ኤሲው ጠቅ ሲልም ታያለች።

«ወይ ትነግራታለህ፣ ወይ እነግራታለሁ» አለች።

«ብነግራት ዶክትሬቱ ይቀራል።»

«ባትነግራትስ? ልጄ አራት ዓመት ሙሉ የሌለ ነገር ስትፈልግ ትኑር? ፈልጋ ፈልጋ ስታጣው እኮ የሚመስላት የራሷ ድክመት ነው። አባቴ ዋሽቶኝ ነው አትልም። እኔ ደደብ ነኝ ነው የምትለው።»

እኔ እስከዚያ ድረስ ያሰብኩት ስለ ራሴ ሐፍረት ነው፤ ስለ ልጄ አራት ዓመት አላሰብኩም ነበር።

እሑድ፣ ሰኞና ማክሰኞ ቴርሞሜትሩን ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ፣ ጠርሙሶቹ በነበሩበት ቦታ አስቀምጬ በየሁለት ሰዓቱ ለካሁ። ባዶ እጄን ሄጄ ዋሽቻለሁ ማለት አልፈለግኩም፤ ቢያንስ አንድ እውነተኛ ቁጥር ይዤ ልሂድ አልኩ። ረቡዕ ከፈጅር ሶላት በኋላ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መንገዱን ሙሉ ወደ ጅቡቲ ድንበር፣ ወደ ገላፊ ከሚወርዱት ከባድ መኪኖች ኋላ እየተጎተትን፣ ገዋኔን፣ ሚሌን፣ ሎጊያን አልፈን ሰመራ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። የምናገረውን በሙሉ መንገድ ላይ አዘጋጅቼ ነበር። ከባጃጅ ስወርድ አንዱም ቃል አልነበረም።

ሀምዳ ላቦራቶሪ ውስጥ ነጭ ጋወን ለብሳ ብልቃጥ እያጠበች ነበር። ስታየኝ ደነገጠች።

«እማዬ ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት። ሁላችንም ደኅና ነን። ተቀመጪ፣ የኔ እናት።»

ተቀመጠች። ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። ዓይኗ በቁጥሮቹ ላይ ወረደ፤ ሠላሳ ስድስት፣ ሠላሳ ዘጠኝ፣ አርባ አንድ ነጥብ ሁለት።

«የየት ነው?»

«የእኛ ሱቅ። የዚህ ሳምንት።»

«ኤሲው ተበላሸ?»

«ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በኋላ ኤሲው ቀን ሠርቶ አያውቅም። የሚነሣው ከመሸ ነው።»

ፈጣን ልጅ ናት፤ ነገሩ እየገባት ሲሄድ ፊቷ ላይ አየሁት። «ደብተሩስ?» አለች፤ ድምፅዋ ቀጠነ።

«ደብተሩን እንደ ቅጹ ነው የሞላሁት።»

«ስንቱን ቀን?»

«ሁሉንም።»

ልጄ ስትቆጣ አትጮህም፤ የምትጮኸው እናቷ ናት። እሷ ቃሏን ታሳጥራለች። «ለሦስቱ ሱቆች መሣሪያ አደረግኩ» አለች። «ላንተ አላደረግኩም። ለምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«ንገረኝ።»

«አባቴ አለ ስላልሽ» አልኩ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ስልሳ ሦስት ዓመት የሞላኝ ሰውዬ፣ የተማሪ ወንበር ይዤ ቆሜ አለቀስኩ።

«ለምን፣ አባዬ? ለምን?»

«የመጀመሪያ ደሞዝሽ ነው። አይሠራም ማለት አቃተኝ። የቀረው ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው። አንቺን ላሳፍር ብዬ አይደለም ወላሂ፤ እንዳላሳፍርሽ ብዬ ነው።»

ጭንቅላቷን ጠረጴዛው ላይ ደፋች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ጠጋ ልበል፣ አልበል ስል ቀና አለች፤ እንባዋ እየወረደ ሳቅ ይተናነቃታል። «በርዶኛል ስትለኝ እኮ ሹራብ ገዝቼልህ ነበር» አለች።

«አለ፤ ሳጥን ውስጥ ነው። ቆንጆ ሹራብ ነው» አልኳት።

ከዚያ ፊቷን ታጠበችና ዶክተር ራኬብ ቢሮ ሄድን። እሳቸው አርባዎቹን የጨረሱ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚረሱ ሴት ናቸው። ሀምዳ በሩን ዘጋችና ገና ሳትቀመጥ፣ «ዶክተር፣ የአዋሹ ልኬት ስሕተት ነው» አለች። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ቦታው ድረስ ሄጄ አላረጋገጥኩም። መሣሪያ ማድረግ ነበረብኝ።»

ስለኔ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ከደቂቃዎች በፊት በቁጣ የነደደችው ልጅ፣ በእኔና በዶክተሯ መካከል ገብታ ቆመች። ይህን መቻል አቃተኝ።

«ዶክተር፣ ጥፋተኛዋ ልጄ አይደለችም» አልኩ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ። አርባ አንዱን ሃያ አምስት ያልኩት እኔ ነኝ። እሷ ዛሬ ነው የሰማችው።»

ዶክተር ራኬብ መነጽራቸውን አወረዱና እኔንም ወረቀቱንም አዩ። ይጮሁብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «አባባ፣ ሌሎቹ ሦስት ሱቆች ግድግዳቸው ላይ ያለው ቅጽ ምን እንደሚል ያውቃሉ?» አሉኝ። «ሃያ አምስት ነው የሚለው። ከመሣሪያው ጋር አስተያይተን ስንት ቀን ስቀናል! የእርስዎን ብቻ ሳንጠረጥር ቀረን። የእሷ አባት ስለሆኑ።»

ይህ ማጽናኛ ነው ወይስ ግሳጼ፣ እስካሁን አልለየሁትም።

«ለፕሮፌሰሩ ዛሬውኑ መጻፍ አለብን» ሲሉ ቀጠሉ። «የመመረቂያ ጽሑፍሽም ላይ ማረሚያ ይገባል። ቦታውን ሊያጥፉት ይችላሉ፣ ሀምዳ። አስበሽበታል?»

«አስቤበታለሁ» አለች። አንዱ እጇ ጋወኑን ጨምድዶ ይዟል።

ዶክተር ራኬብ ኮምፒዩተራቸው ላይ መጻፍ ጀመሩ። መሐል ላይ አቆሙና፣ «መዝጋቢው ማን እንበል?» አሉ።

«የሱቁ ሠራተኛ ይበሉት» አለች ሀምዳ ፈጠን ብላ።

«ሙሐመድሰዒድ በሉ» አልኩ። «ከነአባቴ ስም ይግባ። የሱቁ ባለቤትና የተማሪዋ አባት በሉ።» ስሜ ሲጻፍ ቆሜ አየሁት። ከእግሬ እስከ ራሴ ጋለኝ፤ ግን ከዓርብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ተነፈስኩ።

ከመውጣታችን በፊት ያንን የልጄን ጥያቄ እኔው ጠየቅኳቸው። «ዶክተር፣ እርስዎ ደርሰውበታል። ለዚህ ሥራ ዶክትሬት ግድ ነው?»

«የራሷን ላቦራቶሪ ልትመራ፣ በራሷ ስም የምርምር ገንዘብ ልትጠይቅ ከሆነ ግድ ነው» አሉ። «ያለ እሱ በሩን አይከፍቱላትም። መድኃኒት ቀምሞ፣ ፈትኖ፣ አሻሽሎ ለሰው ለማድረስ ግን ግድ አይደለም። ሁለተኛ ዲግሪ ይዘው ከእኔ የተሻለ የሚሠሩ አውቃለሁ። አንድ ቦታ ላይ የዶክትሬቱ አለመኖር ሊያቆማት ይችላል፤ ሲያቆማት ያኔ ትማራለች። እኔ ዶክትሬቴን የሠራሁት ሰው በሰጠኝ ጥያቄ ላይ ነው። ስድስት ዓመት ፈጀብኝ። ዲግሪው የእኔ ሆነ፤ ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ የሰውየው ነው።»

የፕሮፌሰሩ መልስ ሐሙስ ጠዋት ደረሰ። ሀምዳ ቤቷ አጠገብ ያለ አንድ የወሎ ልጅ ሻይ ቤት ይዛኝ ሄዳ ፉል አዝዘን ነበር። ስልኳን አየችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችልኝ። እውነቱን ስላሳወቃችሁኝ አመሰግናለሁ፤ በዚህ ርዕስ ቦታውን ልይዝልሽ አልችልም፤ ትክክለኛ ልኬት ይዘሽ ለከርሞ ብትመጪ አየዋለሁ ይላል።

ዳቦውን አስቀመጥኩት። «ለከርሞ ብለዋል! ለከርሞ እናደርሳለን» አልኩ። «ከዛሬ ጀምሬ እለካለሁ። መሣሪያውንም አምጪ፣ ከእኔ ጎን ይቀመጥ፣ እኔን አትመኚ። አንድ ዓመት ምን አላት? ዶክትሬቱ አልቀረም...»

«አባዬ።»

በሀምዳ ዓይን ውስጥ ድካም አየሁ፤ ከእኔ የመጣ ድካም። ከጡት ሳትወጣ ጀምሮ መክሬያታለሁ እንጂ አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም። ይህን ሳውቅ አዘንኩ፤ የእውነት አዘንኩ።

«አንቺስ?» አልኳት። «አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም» አለች። «ስለ ዶክትሬቱ እያሰብኩ መስሎኝ ነበር። ለካ ያንተን አርባ አንድ ነው የማስበው። የውሃ ጠብታ የማያስገባ ክዳን ቢኖረውስ? ዱቄቱ ላይ የሚጨመረው ቢቀየርስ? ጥቁር ጠርሙስ ቢሆንስ? እዚህ ሙቀት ላይ ስድስት ወር ሳይደክም የሚቆይ የልጆች ሽሮፕ መሥራት ነው የምፈልገው፣ አባዬ። ለምን እንደሚሞት አውቀናል፤ ሙቀቱ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። እንዳይሞት ማድረግ ነው የቀረው። እሱ ደግሞ የሚጀመረው ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ እያማሰሉ።»

«ዶክትሬቱስ?»

«ያለ እሱ ማለፍ የማልችለው ነገር ሲመጣ እማራለሁ። ያኔ ጥያቄው የእኔ ነው።» ከዚያ እጄን ያዘችኝ። «ቅር ይልሃል?»

«ይለኛል» አልኳት፤ ሁለተኛ አልዋሽም። «ትንሽ ጊዜ ቅር ይለኛል። ይለቀኛል። ደውዪ።»

ደወለች። ትግሉ ስልኩን ለኃላፊው አቀበለው፤ ዘጠነኛው ሰውዬ፣ ዶክተር ሀብተ ሥላሴ ይባላሉ። ሻይ ቤቱ ጫጫታ ስለነበረ ሀምዳ ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። እመጣለሁ አለቻቸው። ደስ አላቸው። ምን ላይ መሥራት እንደምትፈልግ ጠየቋት።

«የልጆች አንቲባዮቲክ» አለች። «አርባ አንድ ዲግሪ የሚቋቋም።»

«እኛ የምንሠራው ለሠላሳ ዲግሪ ነው» አሉ ዶክተሩ። «ከየመድኃኒት ቤቱ የሚደርሰን መዝገብ ሁሉ ከሃያ አምስት አይበልጥም። አርባ አንድን ማን ለካው?»

ሀምዳ ወደ እኔ አየች። ልትናገርልኝ አፏን ስትከፍት ስልኩን ወደ ራሴ ሳብኩት።

«እኔ ነኝ» አልኩ፤ አስተናጋጁ ሁሉ ዞር አለ። «ሙሐመድሰዒድ እባላለሁ፣ አዋሽ ላይ መድኃኒት ቤት አለኝ። ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ሁለተኛው መደርደሪያ፤ አርባ አንድ ነጥብ ሁለት። ያ ከሃያ አምስት አይበልጥም የሚሉት መዝገብም የእኛ ነው። ውሸት ነው። እኔም ጽፌዋለሁ።»

ወረቀት ሲገለጥ ተሰማኝ።

«አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ፣ ልጻፈው» አሉ።

ደገምኩላቸው።